የውድድር ሕግ እያለ መርዶክ እንዴት ያን ያህል ጉልበት አገኘ?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ብሪታኒያ ጠንካራ የውድድር ሕግ አላቸው ከሚባሉት አገሮች አንዷ ነች። ታዲያ የመገናኛ ብዙኃን ባለሀብቱ ሩፐርት መርዶክ ያን ሁሉ ጋዜጣና ቴሌቪዥን እንዴት ሊሰበስብ ቻለ? ጠቅላይ ሚኒስትሮቹስ በእርግጥ ይፈሩት ነበር ወይስ ወሬው የተጋነነ ነው?»

ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ። የውድድር ሕግ፣ ማለትም አንድ ድርጅት ገበያውን ጠቅልሎ እንዳይዝ የሚከላከለውን ሕግ፣ ለማስተምር ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቅ ጉዳይ ጥቂት ነው። በቀጥታ ልመልስ፦ ሕጉ ነበረ። ነገር ግን በመገናኛ ብዙኃን ጉዳይ የመጨረሻውን ፊርማ የሚያኖረው ሚኒስትር ነው፤ ሚኒስትሩ ደግሞ በሚቀጥለው ምርጫ የዚያኑ ጋዜጣ ድጋፍ የሚፈልግ የፓርቲ ሰው ነው። የአርባ ዓመቱን ታሪክ ተከትለው ቢያዩት አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። መዝገቡ ለገለልተኛ መርማሪ የተመራ ጊዜ መርዶክ ይሰናከላል፤ በሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ጊዜ ያልፋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1981 እንጀምር። ዘ ታይምስና ሰንደይ ታይምስ ያኔ የቶምሰን ኩባንያ ንብረት ነበሩ። ከማተሚያ ቤት ሠራተኞች ጋር በተነሣ ጠብ ከ1978 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ሳይታተሙ ቆይተዋል። ቶምሰንም ተሰላችቶ፣ እስከ ማርች 1981 ገዢ ካልተገኘ እንደሚዘጋቸው አስታውቆ ለገበያ አወጣቸው። መርዶክ በዚያን ጊዜ በሚሊዮን የሚቸበቸቡት የዘ ሰን እና የኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ ባለቤት ነው። የ1973ቱ የፍትሐዊ ንግድ ሕግ እንዲህ ላለው ግዢ የጻፈው ግልጽ ነበር፦ የገዢውና የተሸጠው ጋዜጦች የቀን ስርጭት ተደምሮ 500,000 ከደረሰ፣ ሽያጩ ያለ ንግድ ሚኒስትሩ ፈቃድ አይጸናም፤ ሚኒስትሩም ከመፍቀዱ በፊት ጉዳዩን ለሞኖፖሊና ውህደት ኮሚሽን መርቶ ማስመርመር አለበት። አንድ ቀዳዳ ግን ነበረው። ጋዜጣው ከኪሳራ ወጥቶ በራሱ መቆም የማይችል ከሆነና ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ምርመራው ሊዘለል ይችላል።

ሚኒስትሩ ጆን ቢፈን በዚያ ቀዳዳ አሳለፉት። ዘ ታይምስ ይከስር እንደነበር ማንም አልካደም። ሰንደይ ታይምስ ግን በደህና ጊዜ ትርፍ የሚያስገባ ጋዜጣ ስለሆነ፣ የሒሳቡ አቀራረብ በምክር ቤቱ ውስጥም ውጭም ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ጃንዋሪ 27 ቀን 1981 ግዢው ወደ ኮሚሽኑ እንደማይመራ ለምክር ቤቱ ተነገረ። ሁለቱ ጋዜጦች በ12 ሚሊዮን ፓውንድ የመርዶክ ሆኑ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እሑድ ጃንዋሪ 4፣ መርዶክ ቼከርስ በሚባለው የጠቅላይ ሚኒስትሮች የገጠር መኖሪያ ከማርጋሬት ታቸር ጋር ምሳ በልቶ ነበር። ይህ ለሕዝብ የታወቀው በ2012 የታቸር የግል ሰነዶች ሲከፈቱ ነው፤ ከ31 ዓመት በኋላ። የምሳውን ማስታወሻ የጻፈው የታቸር የፕሬስ ጸሐፊ በርናርድ ኢንግሃም ነው። መርዶክ ስለ ግዢው ዕቅድ በዝርዝር አስረድቷል። ታቸርም ስላሳወቃት አመስግና፣ ጨረታው እንዲቀናው ከመመኘት ያለፈ ነገር እንዳልተናገረች ማስታወሻው ይገልጻል። ማስታወሻው ከጽሕፈት ቤቱ እንዳይወጣም ተደርጓል።

ይህን ወረቀት ተማሪዎቼ ሲያነቡት መጀመሪያ የሚፈልጉት የውል ቃል ነው፤ «ይህን ስጠኝ፣ ያንን እሰጥሃለሁ» የሚል። የለም። መኖርም አያስፈልገውም። በዚያው ጨረታ ሌሎች ተጫራቾችም ነበሩ፤ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ምሳ ተቀምጦ ዕቅዱን የማስረዳት ዕድል ያገኘ ግን እሱ ነው። ውሳኔውን የሚፈርመው ሚኒስትር ደግሞ የዚያችው ጠቅላይ ሚኒስትር ካቢኔ አባል ነው። በሕግ ትምህርት ቤት አንድ ዳኛ ከአንዱ ተከራካሪ ጋር ብቻውን ምሳ ቢበላ ምን እንደምንል እርስዎም ያውቁታል።

ለፈቃዱ ምትክ መርዶክ ግዴታዎች ገብቶ ነበር፦ ዋና አዘጋጆቹ በይዘት ነጻ ይሆናሉ፤ ያለ ገለልተኛ ዳይሬክተሮች ይሁንታ አይሾሙም አይሻሩም። ከሰንደይ ታይምስ ወደ ዘ ታይምስ ዋና አዘጋጅነት የተዛወረው ሃሮልድ ኢቫንስ በማርች 1982፣ ገና በዓመቱ፣ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ ለቀቀ። ግዴታው በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈ ቀረ። ይጣስ አይጣስ የሚከታተለው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ደጋፊ ጋዜጣውን ሊከስ አይነሣም። በሥራዬ ብዙ የውህደት ስምምነቶችን አንብቤአለሁ፤ ስለ ወደፊት ባሕርይ የሚገባ ቃል ከሁሉም የሳሳው ክፍል ነው። የድርጅቱን አንድ ክፍል ሽጥ ቢባል ተሽጦ ይታያል። አዘጋጁን አትጫነው ቢባል ማን ቆሞ ያያል?

በ1987 ቱዴይ የተባለውን ጋዜጣ ሲገዛም ያው ቀዳዳ ተከፈተ፤ የንግድ ሚኒስትሩ ሎርድ ያንግ ያለ ምርመራ ፈቀዱለት።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልሻገር፤ እግር ኳስ የሚከታተል አንባቢ ይህን ያስታውሰው ይሆናል። በሴፕቴምበር 1998 ስካይ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ (ያኔ ቢስካይቢ ይባላል፤ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው የመርዶክ ኩባንያ ነው) ማንቸስተር ዩናይትድን በ623 ሚሊዮን ፓውንድ ለመግዛት ተስማማ። የክለቡ ቦርድ ተቀብሎታል። ደጋፊዎች ግን ተደራጅተው ተነሡ፤ ጉዳዩም ለሞኖፖሊና ውህደት ኮሚሽን ተመራ። ኮሚሽኑ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው። የፕሪሚየር ሊግን የቴሌቪዥን መብት የሚገዛው ስካይ፣ መብቱን ከሚሸጡት ክለቦች የትልቁ ባለቤት ከሆነ ሌላው ጣቢያ እንዴት ይወዳደረዋል? በሻጭም በገዢም ወንበር ተቀምጦ መደራደር ነው። በኤፕሪል 1999 ሚኒስትሩ ስቲቨን ባየርስ የኮሚሽኑን ምክር ተቀብሎ ግዢውን ከለከለ። ያ መንግሥት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በዘ ሰን ድጋፍ የተመረጠው የብሌር መንግሥት መሆኑን ልብ ይበሉ። ማለትም ወዳጅነቱ እያለም፣ ማስረጃውን መርምሮ በጽሑፍ ያቀረበ ገለልተኛ አካል ሲኖር ሚኒስትሩ ያንን ወርውሮ ማለፍ ይከብደዋል።

በ2006 መጨረሻ ስካይ አይቲቪ ከተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት የ17.9 በመቶ ድርሻ በ940 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ግዢው የመጣው ኤንቲኤል የተባለው የኬብል ኩባንያ አይቲቪን ለመጠቅለል በተዘጋጀበት ሰዓት ነው። ይህም መዝገብ ተመራ፤ ድርሻው ከ7.5 በመቶ በታች እንዲወርድ ታዘዘ፤ ስካይ እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቶ በ2010 በትልቅ ኪሳራ ሸጠው። አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። የውድድር ኮሚሽኑ (የሞኖፖሊና ውህደት ኮሚሽን ተተኪ) ጥፋት ያገኘው በገበያ ውድድሩ ላይ እንጂ በድምፆች ብዝኃነት ላይ አይደለም። ሁለቱ ለየብቻ የሚለኩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚያደናግረውም ይኸው ነው።

ልዩነቱን ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው የ2010 ጉዳይ ነው። መርዶክ በስካይ ውስጥ 39.1 በመቶ ነበረው፤ በጁን 2010 የቀረውን ለመጠቅለል ጥያቄ አቀረበ። የንግድ ሚኒስትሩ ቪንስ ኬብል በኖቬምበር 2010 በሕዝብ ጥቅም ስም ጣልቃ ገባ። መዝገቡ በሁለት መንገድ ሄደ። የውድድር ጥያቄው ብራስልስ፣ ለአውሮፓ ኮሚሽን፤ የብዝኃነት ጥያቄው ለንደን፣ ኦፍኮም ለተባለው የብሮድካስት ተቆጣጣሪ። ብራስልስ ዲሴምበር 21 ቀን «ይለፍ» አለ። በውድድር ሕግ ዓይን ጋዜጣና ቴሌቪዥን አንዱ በሌላው የሚተካ ሸቀጥ አይደለም፤ የጋዜጣ ባለቤት ቀድሞውንም የሚቆጣጠረውን የቴሌቪዥን ኩባንያ ቢጠቀልል ዋጋ የሚያስወድድበት ገበያ አይታይም። ኦፍኮም ከአሥር ቀን በኋላ ባቀረበው ሪፖርት ደግሞ ያንኑ ስምምነት አይቶ፣ ብዝኃነትን ሊጎዳ ስለሚችል ለሙሉ ምርመራ ይመራ አለ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። አንደኛው የሚለካው ሰው ለሚገዛው ነገር ምን ያህል እንደሚከፍል ነው። ሌላው የሚለካው አንድ ሕዝብ ስለ አገሩ የሚሰማው ከስንት ሰዎች አፍ እንደሆነ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ የገበያ ድርሻ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ያው ዲሴምበር 21 ሌላም ነገር አመጣ። የዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጠኞች ተራ መራጭ መስለው ቪንስ ኬብልን አነጋግረው ነበር፤ እሱም በመርዶክ ላይ ጦርነት ማወጁን ነገራቸው። ቴሌግራፍ ራሱ ግዢውን ከሚቃወሙት ድርጅቶች አንዱ ነበር፤ ይህችን ቃል መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ ውስጥ አላካተታትም። ቢቢሲ አወጣት። (የባለቤት ጥቅም በዜና ላይ የሚሠራው የመርዶክ ጋዜጦች ውስጥ ብቻ አይደለም።) ኬብል ከመዝገቡ ተነሣ፤ ሥልጣኑም ለባህል ሚኒስትሩ ለጄረሚ ሃንት ተላለፈ። ሃንት ደግሞ ሹመቱን ከማግኘቱ ከጥቂት ሰዓታት በፊት ለመርዶክ ልጅ ለጄምስ በብራስልስ ውሳኔ ደስ ያለው መሆኑን፣ የቀረው ኦፍኮም ብቻ እንደሆነ የሚገልጽ የስልክ መልእክት ልኮለት ነበር። አንዱ ሚኒስትር ጠላት ነኝ አለ፤ በምትኩ የመጣው ወዳጅ ሆኖ ተገኘ። በኋላ በጋዜጦች አሠራርና ሥነ ምግባር ላይ በዳኛ ሌቨሰን መሪነት የተካሄደው ምርመራ፣ ሃንት በውሳኔው አድልቷል የሚያሰኝ ማስረጃ እንዳላገኘ ጽፏል፤ ይህንን አብሮ መናገር ፍትሕ ነው። እኔ የምለው ግን ስለ ሰውየው አይደለም። አንድ መዝገብ በማን እጅ እንደገባ ታይቶ ውጤቱ የሚገመት ከሆነ፣ ጉድለቱ ያለው ከአሠራሩ ላይ ነው።

ሃንት የስካይ ኒውስ ጣቢያ ተነጥሎ ራሱን እንዲችል በሚል ግዴታ፣ ያለ ሙሉ ምርመራ ሊያሳልፈው ተቃርቦ ነበር። ያስቆመው ሕግ አይደለም። ጁላይ 4 ቀን 2011 ጋርዲያን ጋዜጣ፣ የኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ ሰዎች ተጠልፋ የተገደለችውን የአሥራ ሦስት ዓመት ታዳጊ የሚሊ ዳውለርን የድምፅ መልእክት ሳጥን ሰብረው መስማታቸውን ዘገበ። አገሩ በቁጣ ነደደ። 168 ዓመት የቆየው ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ ጁላይ 10 የመጨረሻ ዕትሙን አወጣ፤ ጁላይ 13 መርዶክ የግዢ ጥያቄውን ሰረዘ። አሥር ቀን አልሞላም። ጥሩ ውጤት ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ይህ የሚያስፈራ ታሪክ ነው። የአንዲት ልጅ ቤተሰብ መከራ ለአደባባይ ባይወጣ ኖሮ መዝገቡ በጸጥታ ተዘግቶ ነበር።

በ2016 መጨረሻ ለሁለተኛ ጊዜ ሞከረ። በዚህኛው ዙር መዝገቡ የውድድር ኮሚሽኑን ወደ ተካው የውድድርና ገበያ ባለሥልጣን ተመራ። ባለሥልጣኑም የመርዶክ ቤተሰብ በዜና ላይም በፖለቲካው ላይም ከመጠን ያለፈ ተጽዕኖ ስለሚያገኝ ማስተካከያ ካልተደረገ ግዢው የሕዝብን ጥቅም ይጻረራል አለ። ስካይ ኒውስ ለሌላ ይሸጥ እየተባለ ወራት ሲቆጠሩ ኮምካስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገባ፤ በሴፕቴምበር 2018 በጨረታ አሸንፎ ስካይን ወሰደው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ይፈሩት ነበር? አዎ። ፍርሃቱ ግን ከጋዜጣው ጉልበት የሚበልጥ ይመስለኛል።

በ1992 ወግ አጥባቂዎቹ ሳይጠበቅ ሲያሸንፉ ዘ ሰን በማግሥቱ የፊት ገጹ ላይ ድሉ የእኔ ነው ብሎ ጻፈ። የተቀናቃኙ የሌበር ፓርቲ ሰዎች ያንን ገጽ አልረሱትም። በጁላይ 1995 የፓርቲው መሪ ቶኒ ብሌር የመርዶክ ድርጅት ኃላፊዎች ስብሰባ ላይ ለመናገር አውስትራሊያ፣ ሄይማን ደሴት ድረስ በረረ። በማርች 1997 ዘ ሰን ወደ ሌበር ዞረ። ላድ እና ሌንዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚያ ምርጫ ወደ ሌበር የዞሩት ጋዜጦች ከ10 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑ አንባቢዎቻቸውን አሳምነው ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሌበር ግን በ179 መቀመጫ ብልጫ ነው ያሸነፈው፤ ያለ ዘ ሰንም ማሸነፉ አይቀርም ነበር።

እንግዲህ ተጽዕኖው የቱ ላይ ነው? እስከ 1997 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ጆን ሜጀር በ2012 በሌቨሰን ፊት በመሐላ ሲመሰክር፣ በፌብሩዋሪ 1997 በአንድ እራት ላይ መርዶክ የአውሮፓ ፖሊሲውን እንዲቀይር፣ ካልቀየረ ጋዜጦቹ ሊደግፉት እንደማይችሉ ነግሮኛል አለ። መርዶክ በበኩሉ ከሁለት ወር በፊት እዚያው ቀርቦ፣ ከየትኛውም ጠቅላይ ሚኒስትር ምንም ነገር ጠይቄ አላውቅም ብሎ ነበር። ማን እውነቱን ተናገረ የሚለውን ለአንባቢ ልተወውና አንድ ነገር ልጨምር። ብዙውን ጊዜ መጠየቅ አያስፈልግም። ሚኒስትሩ ረቂቅ ሕጉን ከማቅረቡ በፊት «ነገ ጋዜጣው ምን ይለኛል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ አንቀጹም እዚያው ይሰረዛል። ያልቀረበ ሕግ፣ ያልተመራ መዝገብ፣ ያልተነሣ ጥያቄ አሻራ አይተውም። የውድድር መርማሪ ደግሞ የሚሠራው በማስረጃ ነው።

ይህ ከመርዶክ ጋር የተወለደ ነገር አይደለም። የዴይሊ ሜል ባለቤት ሎርድ ሮዘርሚር በ1930 የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ስታንሊ ባልድዊን ድጋፌን ከፈለገ በሚቀጥለው ካቢኔው የሚያስገባቸውን ስምንት ወይም አሥር ዋና ዋና ሰዎች ስም አስቀድሞ ያሳውቀኝ የሚል ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ባልድዊን ደብዳቤውን በፓርቲው ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። በማርች 1931 ሮዘርሚርና የዴይሊ ኤክስፕረሱ ሎርድ ቢቨርብሩክ ለንደን ውስጥ በተደረገ የማሟያ ምርጫ የራሳቸውን ዕጩ ደግፈው ሲዘምቱበት፣ ባልድዊን ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው የሁለቱ ባለጋዜጦች ዓላማ ኃላፊነት የሌለበት ሥልጣን ነው፣ ያም በዘመናት ሁሉ የጋለሞታ መብት ነው ብሎ ተናገረ። የእሱ ዕጩ አሸነፈ። ስለዚህ መፍራት ግዴታ አይደለም፤ በአደባባይ የተጋፈጣቸው ሰው አልወደቀም።

የእኛ አገር ታሪክ እዚህ ላይ ይነካል። ሙሶሊኒ በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር የሮዘርሚሩ ዴይሊ ሜል ከወራሪው ጎን ቆመ፤ ባለቤቱ ከዓመት በፊት የእንግሊዝ ፋሽስቶችን በስሙ በወጣ ጽሑፍ ያሞገሰ ሰው ነው። በሚሊዮን የሚታተም ጋዜጣ የአንድ ሰው ፍቅርና ጥላቻ ማስተጋቢያ ሲሆን ማን እንደሚጎዳ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያው ለንደን ሲልቪያ ፓንክኸርስት በሜይ 1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቁመው ለሃያ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ጮኹበት። የሜልን ማተሚያ ቤትና የማከፋፈያ መረብ ከእሳቸው ጋዜጣ ጋር አወዳድሩት። እውነቱ በእሳቸው በኩል ነበር፤ ጉልበቱ ግን በሌላው። በ1960 አዲስ አበባ ላይ አርፈው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት እኒሁ ሴት ናቸው።

አንድ ሌላ የሕጉ ጉድለት ሳልጠቅስ አላልፍም። የውህደት ሕግ የሚነቃው ግዢ ሲኖር ብቻ ነው። መርዶክ በ1969 ሲገዛው እየከሰረ የነበረው ዘ ሰን በ1978 ዴይሊ ሚረርን አልፎ ከዕለታዊ ጋዜጦች በሽያጭ አንደኛ ሆነ፤ ያንን ዕድገት የሚጠይቅ አንቀጽ የለም፣ መኖርም ያለበት አይመስለኝም። በ1993 ግን ዘ ታይምስ ዋጋውን ከ45 ሳንቲም ወደ 30፣ በ1994 ወደ 20 ሲያወርድ ነገሩ ሌላ ነው። ኪሳራውን ከሌላ ትርፉ የሚሞላ ድርጅት፣ እንደ ኢንዲፔንደንት ያለ ብቻውን የቆመ ጋዜጣን በዋጋ ብቻ ማድከም ይችላል፤ ኢንዲፔንደንትም ክፉኛ ተጎዳ። አንባቢ በርካሽ ስለገዛ በዋጋ ሚዛን ተጠቃሚ ነው። የሚያነባቸው ድምፆች ስንት ሆነው እንደሚቀሩ የሚቆጥር ግን አልነበረም።

ዛሬስ? በ2002 እና በ2003 በወጡት ሕጎች የብዝኃነት ፈተና ተጽፎ ገብቷል። በ2023 ዴይሊ ቴሌግራፍ አብዛኛው ገንዘቡ ከአቡ ዳቢ በሚመጣ ድርጅት ሊገዛ ሲል (ገንዘቡን ያቀረቡት የማንቸስተር ሲቲው ባለቤት ሼክ መንሱር ናቸው) ፓርላማው በ2024 የውጭ መንግሥታት የብሪታኒያን ጋዜጦች እንዳይቆጣጠሩ በሕግ ከለከለ፤ በኋላ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ድርሻ ብቻ ተፈቅዷል። የውጭ መንግሥትን መከልከል ለፖለቲከኛ ቀላል ነው፤ የራሱ መራጮች በየቀኑ የሚያነቡትን የአገር ቤት ባለጋዜጣ መንካት ነው ከባዱ። ሌቨሰን በ2012 ሪፖርቱ ላይ ይህን ጥያቄ አንሥቶ፣ የመጨረሻው ውሳኔ በሚኒስትሩ እጅ ይቆይ፣ ነገር ግን የተቆጣጣሪዎቹን ምክር ካልተቀበለ ምክንያቱን ይግለጽ፣ የቀረበለትን ጉትጎታም መዝግቦ ያሳትም ብሎ መክሯል። እኔ በመጀመሪያው ክፍል አልስማማም። ፊርማው ከሚኒስትሩ ወጥቶ፣ ውሳኔው በፍርድ ቤት ሊመረመር ለሚችል ገለልተኛ አካል መተላለፍ አለበት ባይ ነኝ፤ ከ1981 እስከ 2018 ያሉት መዝገቦች የሚያሳዩኝ ይህንን ነው። የመገናኛ ብዙኃን ውህደት በሕዝብ ጥቅም ስም ይመርመር አይመርመር የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ የሚቀርበው ለሚኒስትሩ ነው፤ ምርመራው ሲያልቅም የሚፈርመው እሱ ነው።